ዘመድ የለኝም የሚለው ፊርማ

«ዘመድ የለኝም በሉ» አለች ጥሩሸዋ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «አንድ በአንድ በሉት። የዞኑ ሰው ሲመጣ እንዳትደናገሩ ከአሁኑ እንለማመደው።»

ጥር ወር ነው፣ ሐሙስ ጠዋት፤ የዘመሮ ገበያ ገና አልደራም። አሥራ ሁለቱ አዛውንት የገብስ ገንፏቸውን በልተው ከአግዳሚው ሳይነሡ፣ መጦሪያ ቤቱን የምታስተዳድረው ጥሩሸዋ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ታስጠናቸው ጀመር። መጀመሪያ የተጠየቁት የድሮው ወታደር በኃይሉ ነበሩ። ብድግ ብለው፣ ደረታቸውን ነፍተው «ዘመድ የለኝም!» ሲሉ ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ይሞቁ የነበሩ ርግቦች ተነሥተው በረሩ። ወይዘሮ ዘነበች «የእኔዎቹ ሁሉም ሰማይ ቤት ናቸው፤ እዚያ ያለ ይቆጠራል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ጥሩሸዋ ትንሽ አሰበችና አይቆጠርም አለቻቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ተራው ከአቶ ሽመክት አበጀ ደረሰ። አቶ ሽመክት ግን ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«አባባ ሽመክት?»

«ጧሪ የለኝም ልበልልሽ» አሉ። «እሱ እውነት ነው። ሚስቴን ቀብሬአለሁ፤ አንድ ልጄን ጦርነት በልቶታል። ዘመድ የለኝም ግን አልልም። የመንዝ ሰው ሆኖ ዘመድ የለኝም የሚል ከየት ነው የበቀለ?»

«ወረቀቱ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የጻፈው።»

«እንግዲያው ወረቀቱ የሚያወራውን አያውቅም።»

ቤቱን የከተማው ሰው የእድሩ ቤት ይለዋል። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበሩ የበግ ጠጉር ማከማቻ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ባዶውን ቀርቶ አይጥ ሲፈነጭበት ከርሞ፣ እድሩ ጧሪ ላጡ ሽማግሌዎች ይሁንልን ብሎ ለመነና ተሰጠው። በጣውላ ለሦስት ከፍለው በየክፍሉ አራት አራት የብረት አልጋ አቆሙበት፤ አልጋዎቹ ጤና ጣቢያው አርጅተዋል ብሎ የጣላቸው ናቸው፣ የአንዳንዱ እግር በድንጋይ ተደግፏል። ግድግዳው በጭቃ ቢመረግ፣ በኖራ ቢለቀለቅ የጠጉሩ ሽታ አልለቅ አለ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቤቱ በግ በግ ይላል። አዛውንቱ ደግሞ ውርጩን ፈርተው ባናቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ስለሚተኙ፣ ባናም ያው የበግ ጠጉር ስለሆነ፣ ሽታው ከግድግዳው ይምጣ ከብርድ ልብሱ መለየት ከቀረ ቆይቷል። ያም ሆኖ አልጋ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። እዚህ ቤት ለመግባት አንዱ መሞት አለበት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም።

የማስፋፊያው ደብዳቤ የመጣው በታኅሣሥ ነው። ጥሩሸዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ይዛ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ወረዳ ስትመላለስ ስንት ጫማ ጨርሳለች። መስከረም ላይ ሚሊኒየም ገባ ተብሎ አገሩ ሁሉ ሲጨፍር እሷ አንድ ኮሪደር ውስጥ ተቀምጣ ፊርማ ትጠብቅ ነበር። በመጨረሻ አምስት ክፍልና አንድ ማድ ቤት የሚያሠራ የመንግሥት በጀት ተፈቀደ። ከደብዳቤው ግርጌ ግን አንዲት መስመር ነበረች፤ ቤቱ ቢያንስ አሥራ ሁለት «ጧሪም ዘመድም የሌላቸው» አረጋውያን እንዳሉት በየራሳቸው ቃልና ፊርማ መረጋገጥ አለበት፣ አንድ እንኳ ቢጎድል በጀቱ ተራውን ለሚጠብቅ ሌላ ከተማ ይተላለፋል ትላለች። ያቺን መስመር የጻፈው ሰው የመንዝ ሰው እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ከሆነም መንዜነቱን ቢሮ ሲገባ በር ላይ ትቶታል።

ጥሩሸዋ ከአቶ ሽመክት አጠገብ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሥራ ሁለት ብቻ ናችሁ፣ አባባ። ትርፍ ሰው የለኝም። ወይዘሮ ጌታነሽም አልጋ እየጠበቁ ይኸው እስከ ዛሬ መቃብር ቤት ነው የሚያድሩት፤ ክረምት እዚያ ከደረሰባቸው አይወጡትም።»

አቶ ሽመክት ተነሡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን አንሥተው ወጡ።

የአቶ ሽመክትን ንዴት ለመረዳት የድሮውን መንዝ ማስታወስ ያስፈልጋል። ያኔ ወንድ ልጅ እርፍ ከመጨበጡ በፊት አባት መቁጠር ይማር ነበር። ማታ እሳት ዳር አያቱ «በል ቁጠር» ይሉታል፤ እስከ ሰባት ቤት ያለ ስሕተት ከቆጠረ ተመርቆ ይተኛል፣ ከሳተ ደግሞ እንደገና ነው። ርስት የሚገኘው በዚህ ቆጠራ ነው። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናውን አባት ይዞ፣ በወንድም በሴትም እየቆጠረ ወርዶ ራሱ ላይ የደረሰ ሰው «ድርሻዬን» ይላል፤ መሐል ላይ አንድ ስም የጠፋው ደግሞ ከነበሬው ይመለሳል። አቶ ሽመክት በዚህ ሙያ በሦስት ወረዳ የታወቁ ነበሩ። ርስት የሚሟገት ሁሉ በግ እየጎተተ እሳቸው ደጅ ይመጣ ነበር፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው የሰውየውን ዘር ከላይ እስከ ታች ያወርዱለታል። ዳኛ ፊት ብዙ ብልጠት ሠርተዋል፣ ለጸሐፊ ማር አቀብለዋል፣ ቀጠሮ በዘዴ አስረዝመዋል። በአባት ስም ግን አንድም ቀን ዋሽተው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚኮሩበት ነገር ቢኖር ይህ አንዱ ነው።

ገበያው እየሞላ ነበር። በግ በየገመዱ ይጮሃል፤ ዝተትና ባና የሚሸጡ ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከቆርቆሮ ሻጩ ደጅ ላይ ግንበኞች ተሰብስበው አንዱ ቅጠል ቆርቆሮ መቶ ሃያ ብር ገባ እያሉ ያማርራሉ። መጦሪያ ቤቱ ሊሠራ መሆኑን ሰምተዋልና አቶ ሽመክትን ሲያዩ ሁሉም ቆቡን አንሥቶ እጅ ነሣ። እሳቸው ግን ልባቸው ሌላ ጋ ነው። አንዲት ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ወጣት ዓይናቸውን ሳበቻቸው፤ አፍንጫዋን ያውቁታል። የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። አያቷንም ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። «የአክስቴ የልጅ ልጅ ነሽ እኮ!» ብለው ትከሻዋን ሳሟት። ከበግ ተራ ሳይወጡ ሁለት ሌሎች አገኙ፤ አንዱ በእናታቸው በኩል አራተኛ ቤት፣ ሌላው በአባታቸው አምስተኛ። ሦስቱም ሰላምታ ሰጥተዋቸው ወደየሥራቸው ተመለሱ፤ ማን ይወቅሳቸዋል፣ የገበያ ቀን ነው። አቶ ሽመክት አንድ ኪሎ ስኳር ሊገዙ አስበው ዋጋውን ሲሰሙ ትተውት፣ በአንድ ብር የተቆላ ባቄላ አስቋጥረው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን ተያያዙት።

ወይዘሮ ጌታነሽ መቃብር ቤቱ ደጅ ላይ እግራቸውን ለፀሐይ ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ቤቱ አንድ የድሮ ግራዝማች የተቀበሩበት፣ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ነው፤ ቄሶቹ ፈቅደውላቸው ካለፈው መኸር ጀምሮ ከመቃብሩ ድንጋይ ጎን ሰሌን አንጥፈው ይተኛሉ። ገጠር ያለው ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ሌላ ማረፊያ የላቸውም።

«እንዴት አደሩ፣ ወይዘሮ ጌታነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቱስ? ማን አሳለ ዛሬ?»

«ማንም አላሳለም። በኃይሉ እንደ ጎረምሳ ሲጮህ ነው ያረፈደ።»

«እሰይ» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ። «ማንም ሳይሞትልኝ ብገባ ነው ደስ የሚለኝ። እሁድ እሁድ ቅዳሴ ላይ ማን አሳለ፣ ማን ገረጣ እያልኩ እናንተን ሳይ ነፍሴን ኮነንኳት።»

«ግራዝማች እንዴት ናቸው?»

«ጥሩ አከራይ ናቸው። ኪራይ አይጨምሩ፣ ውጪልኝ አይሉ።»

ሁለቱም ሳቁ። ባቄላውን መሐላቸው አስቀምጠው፣ ጥርስ እንደሌለው ሰው ቀስ እያሉ ያላምጡ ጀመር። ሁለቱ ሰዎች አንቱ መባባላቸውን የማያውቃቸው ሰው ቢሰማ ይገርመዋል፤ በዕድሜ እኩያ ናቸው፣ ያደጉትም አንድ ሸንተረር ላይ ነው። አንቱታውን የተማሩት ፍርድ ቤት ነው። ከሃምሳ አምስት እስከ ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተሟግተዋል፤ በአንዲት ጨፌና ከጨፌዋ በላይ ባለች የገብስ መሬት። መሬቱን ያቀኑት ወልደ ጻድቅ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ አቶ ሽመክት በወልደ ጻድቅ ልጅ በአመተሥላሴ በኩል ሰባተኛ አባቴ ናቸው ብለው ድርሻ ጠየቁ። ወይዘሮ ጌታነሽ ደግሞ አመተሥላሴ የጡት ልጅ ናት እንጂ ወልደ ጻድቅ አልወለዷትም፣ ይህ ሰው ዘመዴ አይደለም፣ ባዳ ነው አሉ። ነገሩ ከምክትል ወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣ። በስድሳ ስድስት ለአቶ ሽመክት ተፈረደላቸው፤ አንድ መኸር ብቻ አጨዱበት። በዓመቱ መሬት የመንግሥት ነው ተባለና የሁለቱም ሙግት እንዳልነበረ ሆነ።

«ያቺን ወንዝ ያስታውሷታል?» አሉ አቶ ሽመክት።

እንዴት ትረሳለች! ለቀጠሮ ሲሄዱ መንገዱ አንድ ስለሆነ አብረው ይሄዱ ነበር፤ ከሳሽ ከፊት፣ ተከሳሽ ከኋላ። አንድ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው። አቶ ሽመክት የራሳቸውን ወረቀት በቆዳ ጠቅልለው አሻገሩና ዞር ሲሉ ወይዘሮ ጌታነሽ ፋይላቸውን ታቅፈው ማዶ ቆመዋል። የባላጋራ ፋይል ውኃ ቢበላው ሙግቱ ሀ ተብሎ ሊጀመር ነው። ተመልሰው ሄደው፣ ባዳ ነው የሚለውን መከራከሪያ አናታቸው ላይ ተሸክመው፣ ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው አሻገሩላቸው። ማዶ ሲደርሱ ወይዘሮ ጌታነሽ ስንቃቸውን ፈትተው ጭኮ አጎረሷቸው። በማግስቱ ዳኛ ፊት እንደ ድመትና ውሻ ተናከሱ።

«ምን ዓይነት ጉልበት ነበር!» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ። «ከሙግቱ ወዲህ እንደዚያ ሆኜ አላውቅ። ጠዋት ስነሣ የምሄድበት ነበረኝ፤ የምናደድበት ሰው ነበረኝ።»

አቶ ሽመክትም እንዲሁ ነው የሚሰማቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ያንን ዘመን የሚያውቅላቸው ሰው እኚሁ ባላጋራቸው ብቻ ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር የተቀመጡበት ሰዓት ሁሉ አርባ ዓመት ያስመልሳቸዋል። ዓይናቸው ወደ ወይዘሮ ጌታነሽ እግር ሄደ። ተረከዙ በብርድ ተሰነጣጥቆ ቀይ ሥጋው ይታያል። ውስጥ ሰሌኑ ላይ የተጣለችው ባና ከመሳሳቷ የተነሣ ድንጋዩ ላይ በወደቀው ጫፏ በኩል የመቃብሩ ጽሑፍ ይነበባል። ስለ ቅጹ ሊነግሯቸው አፋቸውን ከፍተው ተዉት፤ የሚነግሯቸውስ ምን ብለው ነው? ወይዘሮ ጌታነሽም ስለ አዲሱ ክፍል አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ለምነው የሚያውቁ ሴት አይደሉም።

«ከሰዓት ጥሩሸዋ ምስር ልቀሚልኝ ብላኛለች» አሉ ሲለያዩ። «እመጣለሁ።»

የዞኑ ሰው የመጣው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው። መኳንንት ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ መንገዱ ያንገላታው፣ ቢሆንም ትሕትና ያልጎደለው ልጅ ነበር። ጥሩሸዋ ለስላሳ ከፍታ ብትሰጠው ግማሹን ለወይዘሮ ዘነበች ቀድቶ ሰጣቸው። ሦስቱንም ክፍሎች ዞሮ አየ፤ በድንጋይ የተደገፉትን አልጋዎች አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ጓሮውን፣ አምስቱ ክፍሎች የሚቆሙበትን ቦታ፣ በእርምጃው ለካ። ከዚያ ጠረጴዛ ወጣለትና ቅጹን ዘረጋ። በኃይሉ ብድግ ብለው እንደ ጠዋቱ ጮኹ፤ መኳንንት ደንግጦ ብዕሩ ወደቀበት። ወይዘሮ ዘነበች ሰማይ ቤት ያሉት እንደማይቆጠሩ አጣርተው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ወይዘሮ ጌታነሽ በሩ ላይ ሰፌዳቸውን ይዘው ምስር ይለቅማሉ፤ ጆሯቸው ግን ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ሰው ፈረመ።

«አቶ ሽመክት አበጀ» አለ መኳንንት። «ጧሪ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ዘመድስ?»

ጥሩሸዋ ነጠላዋን ጫፍ ጫፉን ትጠቀልል ጀመር።

«ልጄ፣ ዘመድ ስትል እስከ ስንት ቤት ነው?»

«ቅጹ ላይ እሱ የለም፣ አባባ።»

«የሚያበላ የሚያለብስ ዘመድ ማለትህ ነው?»

«ዘመድ ነው የሚለው። እኔ አይደለሁም የጻፍኩት» አለ መኳንንት፤ ፊቱ ላይ እውነተኛ ኀዘን ነበር። «ባለፈው አንድ ከተማ ላይ እንዲሁ አልፈን፣ በኋላ አጎት አለው ተባለና ሥራው መሐል ላይ ቆመ። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። ካለ አለ፤ ከሌለ የለም።»

አቶ ሽመክት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልማድ ነውና ስሞቹ ራሳቸው መጡ። አበጀ፣ መርስዔ ኃዘን፣ ሀብተ ወልድ፣ ዘርዐ ጽዮን፣ ገብረ አብ። ከዚያ አመተሥላሴ። ይህችን ሴት አይተዋት አያውቁም፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት ጠበቃ ቆመውላታል፣ ለስሟ ሲሉ ከብቶቻቸውን ሸጠዋል፣ ሰባት ምስክር አቁመው የአባቷ ልጅ ናት አሰኝተዋታል። አሁን በአንድ ቃል ሊያወጧት ነው። ዓይናቸውን ሲገልጡ በሩ ላይ ያሉትን ሴት አዩ። ወይዘሮ ጌታነሽ መልቀሙን ትተዋል። ጠረጴዛው ላይ ምን እንዳለ፣ ለማን እንደሆነ፣ የገባቸው ይመስላሉ፤ ራሳቸውን በጣም ቀስ አድርገው፣ አይበሉ፣ ይተዉት እንደማለት ነቀነቁ።

«ዘመድ የለኝም» አሉ አቶ ሽመክት። ድምፃቸው እንኳን የበኃይሉን ሊያህል፣ ከአጠገባቸው ላለው ሰው በጭንቅ የሚሰማ ነበር።

መኳንንት የጣት ቀለሙን ሲያቀርብላቸው እጃቸውን አወዛወዙና ብዕር ጠየቁ። ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ጧሪም ዘመድም የለኝም ከሚለው መስመር ሥር ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ጻፉት፤ አበጀ የሚለው ላይ ሲደርሱ ብዕሩን አነሡት፣ እንደገና አሳርፈው ግን ጨረሱት። አለቀሱ ማለት አይቻልም። እንዳመማቸው ግን እዚያ የነበረ ሁሉ አይቷል።

መኳንንት ወረቀቶቹን ሰብስቦ፣ ቆጥሮ፣ አሥራ ሁለት መሆናቸውን አረጋግጦ ማኅተሙን አሳረፈ። ሥራው በመጋቢት ተጀምሮ ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ይለብሳል አለ። አዲሶቹን ክፍሎች የሚጠብቁ ሰዎች ዝርዝር አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥሩሸዋ አንደኛ ላይ ጌታነሽ ብላ የጻፈችበትን ወረቀት ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው። ከዚያ ሁሉንም እጃቸውን እየያዘ ተሰናበተና መኪናው ውስጥ ገባ። ጥሩሸዋ መንገዱ ድረስ ሸኘችው፤ ስትመለስ እያለቀሰችም እየሳቀችም ስለነበር ሌሎቹ ተያይዘው ወደ ውስጥ አስገቧት።

አቶ ሽመክት ውጭ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። መኪናው ከከተማው ወጥቶ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲያያዘው አቧራውን ያያሉ። ወይዘሮ ጌታነሽ ሰፌዳቸውን መሬት ላይ አኑረው መጡና እፊታቸው ቆሙ፤ ነጠላቸውን ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ሰው አደግድገዋል።

«አቶ ሽመክት» አሉ። «ይግባኝ አለኝ።»

«በምን ነገር?»

«አሁን በፈረሙት። ሐሰት ነው» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ። «አመተሥላሴ የወልደ ጻድቅ የአብራካቸው ክፋይ ናት። አባቴ ሊሞት ሲል በጆሮዬ ነግሮኛል። ጨፌዋ ከእጄ እንዳትወጣ ብዬ ዐውቄ ነው የካድኩት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መስቀል እየመታሁ ነው የካድኩት። አንቱ ባዳ አይደሉም። ዘመዴ ነዎት! ማንም ይስማ፣ ዘመዴ ነዎት!»

ድምፃቸው ከቃል ወደ ቃል ከፍ እያለ ሄዶ ግቢውን ሞላው። አቶ ሽመክት ይህን ቃል ከእኚህ ሴት አፍ ለመስማት ስንት ወንዝ ተሻግረዋል፣ ስንት ደጅ ጠንተዋል። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እጃቸውን ዘርግተው የወይዘሮ ጌታነሽን እጅ ያዙና ወደ ዳገቱ ተመለከቱ።

«ቀስ ይበሉ፣ ወይዘሮ ጌታነሽ» አሉ። «መኪናው ገና ዳገቱን አልጨረሰም።»